ከሕፃኗ ራስ ላይ ያላነሳሁት እጄ

እኔ የገጠር ቄስ ነኝ። ቋሪት ውስጥ፣ ከገበዝ ማርያም ወጣ ብሎ ባለ ደብር አገለግላለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ደግሞ እንደ ጎረቤቶቼ አርሳለሁ፣ አጭዳለሁ፣ ከበሬዎቼ ጋር እከራከራለሁ። ሥርዓት ወዳድ ሰው ነኝ። ዲያቆናቱ «እሳቸው ካሉ ሳል እንኳ ይቆማል» እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ፤ ሐሜቱም ብዙ አላስከፋኝም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ያን ቀን ምን ዓይነት ሰው ሆኜ ከቤቴ እንደ ወጣሁ እንድታውቁልኝ ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ጤፉ ሊታጨድ ሲቃረብ ነው። በማግስቱ የደብራችን ዓመታዊ በዓል ነበር፤ ቅዳሴውን የምመራውም እኔ ነበርሁ። ማለዳ ስልኬ ጮኸ። የንስሐ ልጄ ይበልጣል ነው፣ ከፍኖተ ሰላም።

«አባ፣ ልጄ ሳትጠመቅ ልታመልጠኝ ነው» አለኝ።

ሚስቱ ብርቱካን የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት፣ ቡሬ ገጠር ሄዳ ነበር። ሕፃኗ ጥቂት ቀን ደህና ሰንብታ ድንገት ጡት አልይዝ አለች፤ ሰውነቷም ቀዘቀዘ። ተሯሩጠው ፍኖተ ሰላም አምጥተው አስተኟት። ሐኪሞቹ ኢንፌክሽን በደሟ ገብቷል ብለዋቸዋል።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ እንደምትጠመቅ ታውቃላችሁ። ሞት ካንዣበበ ግን ቀን አይጠበቅም፤ ካህን ባለችበት ደርሶ ያጠምቃታል። የእኔ ችግር ሌላ ነው። በእኛ አገር ካህን አራስ ቤት አይገባም። የገባ እንደ ሆነ በማግስቱ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። መንገዱን ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሳስብበት ሄድሁና አንድ ዘዴ አገኘሁ፤ ሕፃኗን ወደ በሩ ያወጡልኛል፣ እኔ ከውጭ ቆሜ አጠምቃታለሁ፣ ለሠርኩ ጸሎት እደርሳለሁ። እንደዚህ ሁሉንም አመቻችቼ ነው ከሚኒባሱ የወረድሁት።

የጨቅላ ሕፃናቱ ክፍል በር ላይ አንዲት አጠር ያለች ነርስ ተቀበለችኝ። ሲስተር ሰላም ይሏታል፤ ንግግሯ የጎንደር ነው። «አባ፣ ይፍቱኝ» ብላ ጎንበስ አለችና መስቀል ተሳለመች። ቀና ስትል ግን፣ «ውኃ አይነካትም» አለችኝ።

«ልጄ፣ ያለ ውኃ ጥምቀት የለም።»

«አውቃለሁ አባ። ያለ ግሉኮስ ደግሞ ሕይወት የላትም።»

«እንግዲያው እዚህ በሩ ድረስ አውጪልኝና እንየው።»

«ከማሞቂያው አትወጣም። ከፈለጉ እርስዎ ይግቡ።»

ይበልጣል አጠገቤ ቆሟል። ነጠላው ከትከሻው ወርዶ መሬት ሲነካ አላስተዋለም። እሱን አየሁት፣ በሩን አየሁት፣ የነገውን ቅዳሴ አሰብሁ። ከዚያ ጫማዬን አወለቅሁና ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ አልነበረም።

ውስጡ ይሞቃል። እናቶች በየወንበሩ ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ ደንግጠው ነጠላቸውን ሳቡ። ሕፃኗ ከክርን እስከ ጣት የምታህል ናት፣ ማሞቂያ ሥር ተኝታለች። ጸጉሯ በግራ በኩል ተላጭቷል። ከተላጨው ላይ፣ ከግንባሯ ከፍ ብሎ፣ ቀጭን ቱቦ በፕላስተር ተጣብቆ ወደ ላይኛው የግሉኮስ ከረጢት ይሄዳል።

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት» አለች ሲስተር ሰላም። እጅና እግሯን ገልጣ አሳየችኝ፤ በየቦታው በልዟል፣ አብጧል። «የሕፃን ደም ሥር ክር ነው አባ። ትንሽ ከነካኩት ይፈነዳል፣ ትንሽ ከቆመ ደሙ ረግቶ ይዘጋል። ሌላ ሥር የለኝም። ጡት አትጠባ፣ መድኃኒቱም ምግቧም የሚገባው በዚህች ብቻ ነው። ይህን መስመር እንዳይዘጋ ስጠብቅ ነው የምውል የማድር። ትናንት ደግሞ እማሆይ ሌላውን በቅቤ አስወጡብኝ።»

እማሆይ እንጉዳይ የብርቱካን እናት ናቸው፤ ከጥግ ሆነው ሰምተዋል። «ልጆቼን ሁሉ በቅቤ ነው ያሳደግሁ» አሉ። «ርግብግቢቷ ደርቃ ስትሰነጠቅ ዝም ብዬ ልይ?»

«ፕላስተር ቅቤ ላይ አይጣበቅም እማሆይ። ስንቴ ልንገርዎ?»

ክርክሩ የቆየ መሆኑ ያስታውቃል። ብርቱካን ከማሞቂያው ዳር ሆና ታየኛለች። ከንፈሯ ደርቋል። «አባ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ብትሄድም ስም ይዛ ትሂድ።»

ለበሽተኛ መንከር ቀርቶ ሦስት ጊዜ ማፍሰስ እንደሚበቃ ተምሬያለሁ። ከራሷ በስተቀኝ ጠብ አድርጌ፣ የቀረውን ከትከሻዋ ወደ ታች ላፍስስ አልኋት ነርሷን። ሲስተር ሰላም አሰበችበትና ውኃው ለብ ያለ ይሁን አለች። ውኃ አስሙቄ አጥምቄ አላውቅም፤ ይሁን አልሁ። እጅዎን ይታጠቡ አለች፤ ታጠብሁ። እስከ ክርን ነው አለች፤ እንደገና ታጠብሁ። ጓንት ቀድዳ ቱቦውን ሸፈነችና ዙሪያውን አሸገችው።

«ክርስትና የምታነሣት ማን ናት?» ብዬ ጠየቅሁ።

ተያዩ። ዘመድ ሁሉ ሩቅ ነው፤ እማሆይ ደግሞ አራሷን የሚያነሡ የሚያስተኙ እሳቸው ናቸው።

«ማንም ያንሣት፣ ስትጠመቅ ግን የምይዛት እኔ ነኝ» አለች ሲስተር ሰላም። «መስመሩን ለሰው አልሰጥም።»

«የያዘ ነው የሚያነሣ፤ እንኳን ደስ አለሽ» አልኋት። በጥብቅ ከሄድን እሷም አራስ ክፍል የምትውል ናት፤ ጥብቅነቱ ግን በሩ ላይ ከጫማዬ ጋር የቀረ ይመስለኛል።

ጸሎቱን አድርሼ ውኃውን ባረክሁ። ሦስት ጊዜ አፈሰስሁ። ሕፃኗ በቀጭኑ አለቀሰች። ስሟን ወለተ ማርያም አልኋት። ይበልጣል ግድግዳ ተደግፎ እንባውን በክንዱ ጠረገ። ጓንቱ ሥር አንዲት ጠብታ አልገባችም። ሲስተር ሰላምና እኔ ሠርግ እንደ ደገሱ ሰዎች ተሳሳቅን።

የቀረው ሜሮን መቀባት ነበር። ትንሿን ብልቃጥ አወጣሁና ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ ጆሮዋን፣ እንደ ሥርዓቱ ቀባሁ። እጄ ለወትሮው ቅባት አይሰስትም፤ ያን ቀንም አልሰሰትሁም። ከውኃው ስንጠነቀቅ ዘይቱን እኔም እሷም ረስተነዋል። ከግንባሯ ወደ ላይ፣ ከፕላስተሩ ሥር ገባ።

ጓንቱን ስትገልጠው ፕላስተሩ አብሮ ተነሣ። ቱቦው ከራሷ ላይ ሲንሸራተት አየሁት። እጄ እዚያው አጠገብ ስለ ነበር ሳላስብ በአውራ ጣቴ ተጫንሁት።

«እንዳይንቀሳቀሱ!» ብላ ጮኸች።

ቆምሁ። ከከረጢቱ ሥር ያለችውን ጠብታ አየች። ጠብ አለች። ቆይታ ደግሞ ጠብ አለች።

«ግማሹ ወጥቷል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጫፉ ብቻ ነው ሥሩ ውስጥ የቀረው። ቀስ ብለው ለእኔ ይስጡኝ።»

ሰጠኋት። በእሷ ጣት ጠብታው ቆመ። ወዲህ አዘነበለችው፣ ወዲያ አዘነበለችው፤ የለም። መልሼ ያዝሁት፤ ጠብ አለ። ዘይቱን በአልኮል ጠርጋ ሌላ ፕላስተር ልትለጥፍ ስትሞክር እንደገና ቆመ፤ እንደገና በእኔ ጣት ተመለሰ።

«አባ፣ የእርስዎ ጣት ያዘነበለበት ቦታ ነው የሚያስኬደው። ከዚያ ንቅንቅ ካለ አበቃ።»

«እስከ መቼ ነው የምይዘው?»

«ፈሳሹ ገብቶ ደም ሥሯ ሞላ እስኪል። ያን ጊዜ ሌላ ቦታ አገኝላታለሁ። ከሰዓትም ሊሆን ይችላል።» ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ሳቅም ለቅሶም ይመስላል። «ቅቤውን ስከለክል ሰንብቼ በሜሮን ተያዝሁ!»

እማሆይ ከጥጉ፣ «እኔ ምንም አላልሁም» አሉ።

ወንበር ተሰጠኝ። ክርኔን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፍሁ፣ መዳፌ በሕፃኗ ራስ ላይ፣ አውራ ጣቴ ቱቦው ላይ። ርግብግቢቷ ከመዳፌ ሥር ትር ትር ትላለች። የበሬ ጅራፍ የያዘ፣ ማረሻ የጨበጠ እጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ይዞ አያውቅም።

ጥቂት እንደ ቆየሁ ልማዴ መጣና ዳዊት መድገም ጀመርሁ። በቃሌ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ሁለት መስመር ሳልሄድ ሲስተር ሰላም ከወዲያ ጮኸች፤ «አባ፣ አይወዝወዙ! ቆመ!»

ለካ ስደግም እወዛወዛለሁ። የቆሎ ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ እየተወዛወዘ ነው የሚያጠናው፤ ዕድሜ ልኬን ስወዛወዝ ኖሬ አላወቅሁትም። ሰውነቴን አጥብቄ እንደገና ሞከርሁ። ቃሉ ሲመጣ ትከሻዬ አብሮ ይመጣል። ተውሁት። ካህን ሆኜ ለሞት ከቀረበ ሰው አጠገብ ያለ ጸሎት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማዶ ያለች እናት ልጇን ታቅፋ ቀረበች። «አባ፣ ለኔም እጅዎን ይጫኑለት» አለችኝ። ስታየኝ ለበረከት የተቀመጥሁ መስሏታል።

«የኔ ልጅ፣ አንዱ እጄ ሥራ ላይ ነው» አልኋትና በግራዬ መስቀሉን አወጣሁላት። እየሳቀች ተሳልማ ሄደች። ከእሷ በኋላ ሌሎቹም ተከታትለው መጡ። ደንግጠው ነጠላ የሳቡት ሁሉ አሁን ውኃ ያቀብሉኛል፣ ላቤን ይጠርጉልኛል፣ «ደከመዎ ወይ?» ይሉኛል። ለሠርክ የሚያደርሰኝ ሚኒባስ መቼ እንደ ሄደ አላስታውስም።

መጸለዩ ቢቀርብኝ ሕፃኗን ማየት ጀመርሁ። ስንት ልጅ እንዳጠመቅሁ እግዚአብሔር ይወቅ። ሁሉም አልቅሰው፣ ታጥበው፣ ተቀብተው ለእናታቸው ይመለሳሉ፤ ፊታቸውን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። የወለተ ማርያምን ግን አየሁ። ቅንድቧ ገና ጥላ ነው። የላይኛው ከንፈሯ መሐል ትንሽ ነጭ ነገር አለ። ስትተነፍስ አፍንጫዋ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስታዛጋ መላ ፊቷ ይሰበሰብና እንደገና ይዘረጋል።

ያን ጊዜ የራሴ ልጅ ትዝ አለኝ።

የመጀመሪያ ልጃችን ወንድ ነበር። ሲወለድ እኔ ሰሞነኛ ነበርሁ። ሰሞነኛ ካህን ሳምንቱን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይወጣም፣ ቤቱም አይሄድም። ወንድ ልጅ ተወለደልህ ብለው ነገሩኝ፤ እልል አልሁ። ሰሞኔ ሳያልቅ ድንገት አርፎ አደረ አሉኝ። እኔ ስወጣ ሴቶቹ ቀብረውታል። አላየሁትም። ሚስቴ የሺም አላነሣችው፣ እኔም አልጠየቅሁ። ሌሎች ልጆች መጡ፣ አደጉ። ሥርዓቱን ጠበቅሁ ብዬ አልፌው ኖሬ ነበር። አሁን በዚያ ሙቅ ክፍል ውስጥ የሰው ልጅ ራስ በመዳፌ ይዤ፣ የእኔው ልጅ ምን ይመስል እንደ ነበር አለማወቄ ገባኝ። እንባዬ ወረደ፤ አንዱ እጄ መስቀል ይዟል፣ አንዱ ቱቦ ይዟል፣ የምጠርግበት አልነበረኝም። ብርቱካን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀችም፤ ለልጇ መስሏታል፣ ለእሷም ነበር።

ድንገት ሕፃኗ ተንፈራገጠች። ራሷን ወደ ቀኝ ጣለች። ጣቴ አልለቀቀም፤ ጠብታው ግን ቆመ።

«ሲስተር!»

እየሮጠች መጣች። በትንሽ ስሪንጅ የጨው ውኃ ይዛ ከቱቦው መጋጠሚያ ሰክታ ቀስ ብላ ገፋች። አልገባም።

«ተዘጋ?» አለ ይበልጣል ከበሩ።

«አባ፣ ጣትዎን በጣም ትንሽ ያላሉ» አለችኝ ሲስተር ሰላም። አላላሁ። ገፋች፤ የለም። «አሁን ጫፉን ወደ ታች ጫን ያድርጉት። ቀስ። ቀስ አባ።» የስሪንጁን ገፊ በአውራ ጣቷ ስትሞክረው አየሁ፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ገባ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን አወጣን። ወደ ላይ ቀና ብለን ጠበቅን፣ ጠብታዋ አንጠልጠል ብላ ቆይታ ወረደች።

ብርቱካን መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ቀኑ ጋደል ሲል የሕፃኗ እግር ሞቀ። ሲስተር ሰላም መጋረጃውን ዘጋችና የስልኳን መብራት ከትንሿ መዳፍ በታች አበራች። የሕፃኗ እጅ እንደ ፍም ቀላ፤ በቅላቱ ውስጥ አንዲት ጥቁር መስመር ታየች። «ነይ፣ እናትሽ ነኝ» አለቻት ሕፃኗን። ክርስትና ማንሣቷን ያመነችው ያን ጊዜ ይመስለኛል። መርፌውን አስገባች። ደም ብልጭ አለ። ቱቦውን ገጠመች፣ በጨው ውኃ አጠበችው፣ ፕላስተር ለጠፈች፣ በላዩ ሌላ ደገመችበት። አዲሷ ጠብታ መውረድ ጀመረች።

«አባ፣ ይልቀቁ» አለችኝ።

ልለቅ አልሁ፤ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። እሷ አንድ በአንድ እያነሣች አላቀቀቻቸው።

በማግስቱ ወደ ደብሬ ስመለስ በዓሉ አልቆ ሰው ሲበተን ደረስሁ። ሌላ ካህን ቀድሶልኛል። አንድ ሽማግሌ፣ «አባ፣ በበዓሉ ቀን የት ጠፉ?» አሉኝ። «አራስ ቤት ዋልሁ» አልኋቸው። መስቀል ተሳልመው ሄዱ።

ወለተ ማርያም ዳነች። ጡት የያዘች ዕለት ሲስተር ሰላም ደውላ፣ «ልጄ ጠባች» አለችኝ፤ ልጄ ነው ያለችው። እኔም ዛሬ ለታመመ ጨቅላ ከተጠራሁ በር ላይ አልደራደርም፤ እገባለሁ፣ እታጠባለሁ፣ ዘይቱን የት እንደምቀባ ነርሷን እጠይቃለሁ። እናንተም አራስ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ራስ ላይ ቱቦ ካያችሁ አትደንግጡ፤ ወደ አንጎል አይገባም፣ ሥሩ እዚያ ስለሚገኝ ነው። ቅቤውን ግን እባካችሁ አቆዩት። በዚህ በዚህ የሚያሙኝ አሉ፤ ያሙኝ።

ከሁሉ የበለጠው ነገር ግን የሆነው ቤቴ ውስጥ ነው። ከበዓሉ እንደ ተመለስሁ፣ የሺ ደጃፉ ላይ ሽምብራ ስትለቅም አገኘኋት። ጎኗ ተቀመጥሁ። እንዴት እንደሚጀመር አላወቅሁምና ዝም ብዬ ጠየቅሁ።

«የሺ፣ የመጀመሪያው ልጃችን መልኩ ምን ይመስል ነበር?»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ነው የኖርሁ» አለችኝ። «ከዚያ ተውሁት።»

ከዚያ ነገረችኝ። አፍንጫው የእኔ ነበር። ቀኝ ጆሮው ጫፉ እጥፍ ያለ ነበር። ሲጠባ አንድ እጁን አንገቷ ላይ ያደርግ ነበር። ሳይጠመቅ ስለ ሄደ ስም የለውም ብዬ ነበር የኖርሁት፤ ለካ እሷ ስም አውጥታለት ነበር። ስታጠባው የምትጠራው በዚያ ስም ነው፤ ዓመት ዓመትን ሲሽር ለማንም ሳትናገር፣ ውኃ ስትቀዳም እንጨት ስትለቅምም በልቧ የምትጠራው በዚያው ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነገረችኝ።

ስሙን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ይቅር በሉኝ። ገና ለእኔም አዲስ ነው።